የውጭ አየር መንገድ ኮምቦልቻ ድረስ ለምን አይበርም?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ሪያድ ነው የምሠራው። ቤተሰቦቼ ደሴ ናቸው። በዓመት አንዴ ስመጣ እስከ አዲስ አበባ አየር መንገድ አማርጣለሁ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ግን ምርጫ የለኝም። መንግሥት ለውጭ አየር መንገዶች የሀገር ውስጥ በረራ ለምን አይፈቅድም? ቢፈቅድ ትኬቱ አይረክስም? የግሎቹስ የት ሄዱ? ደግሞ የውጭ አየር መንገድ ሻንጣዬን ቢያጠፋብኝ ለማን ነው አቤት የምለው?»

እህቴ፣ በአንድ ትንፋሽ አራት ጥያቄ ነው የጠየቅሽኝ። እኔ ሥራዬ የአየር ትራንስፖርት ፈቃድና ስምምነት ነው። ብዙ ዓመት ፋይል ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የዘርፉ ወረቀት ሁሉ በዚያ ስለሆነ እንዳንደናገር ብዬ ነው።

ከመነሻው ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሰማይ ባለቤት አለው። ባሕር ከዳርቻው በጣም ራቅ ካልሽ የማንም አይደለም። ከሀገር በላይ ያለው ሰማይ ግን የዚያች ሀገር ነው። ይህ በ1944 ቺካጎ ላይ በተደረሰው ስምምነት የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ሰፍሯል። የዓለም ጦርነቱ እንኳ ገና አላለቀም ነበር። ኢትዮጵያ በጉባኤው ላይ ልዑክ ነበራት፤ ከአፍሪካ የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዓመት በኋላ፣ በ1945 መጨረሻ፣ ቲደብሊውኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ ወደ ካይሮ በረረ። ሕጉም አየር መንገዱም የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ሰማዩ ባለቤት ካለው፣ በመደበኛ ፕሮግራም መብረር የፈለገ ሁሉ ማስፈቀድ አለበት። ፈቃዱ ደግሞ በጅምላ አይሰጥም። ዶሮ 12 ብልት አላት፤ የአየር መብት ደግሞ 9 ብልት አለው። ለእያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚደራደሩት።

ዲሲ ዘመድ ካለሽ ጠይቂው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ያርፋል። ሲመለስ ግን በቀጥታ ይመጣል። ምክንያቱ ቦሌ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። አየሩ ስስ ነው። ሰው ሙሉ፣ ሻንጣ ሙሉ፣ ነዳጅም ሙሉ ሆኖ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። ለዓመታት ደብሊን ላይ እንዲህ ያደርግ ነበር። መንገደኛው ቀበቶውን ፈትቶ ተቀምጦ ይጠብቃል። ማንም አይወርድም፣ ማንም አይሳፈርም። ይሄ ሁለተኛው መብት ይባላል፤ አርፎ ነዳጅ መቅዳት ይቻላል፣ ሰው መጫን ግን አይቻልም።

ሎሜ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ከ2016 ጀምሮ አየር መንገዳችን ከአዲስ አበባ ሎሜ፣ ከሎሜ ደግሞ ኒውዋርክ መብረር ሲጀምር፣ ሎሜ ላይ የቆመውን መንገደኛ ጭኖ አሜሪካ ማውረድ ይችል ነበር። የኛ አውሮፕላን፣ የሰው ሀገር መንገደኛ፣ ሦስተኛ ሀገር መድረሻ። ይህ አምስተኛው መብት ነው። ብዙ ሀገር እጁ ጠበቅ የሚለው እዚህ ጋ ነው። የቶጎም የአሜሪካም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከሁለቱ አንዱ እምቢ ካለ በቃ፣ አይሆንም።

የአንቺ ጥያቄ ከዚህም ያለፈ ነው። የሳዑዲ ወይም የዱባይ አውሮፕላን አዲስ አበባ ሰው ጭኖ ኮምቦልቻ ያውርድ ነው የምትዪው። ይህ በዘርፉ ቋንቋ ካቦታዥ ይባላል። የቺካጎው ስምምነት አንቀጽ 7 ማንኛውም ሀገር ይህንን መከልከል እንደሚችል በግልጽ ይላል። ሁሉም ማለት ይቻላል ይከለክላል። እንግዳ ሳሎን ድረስ ይገባል፣ ጓዳ ግን አይገባም እንደማለት ነው። ይህን የድሃ ሀገር ጠባይ አድርጎ የሚያወራ ሰው ይገጥመኛል። አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ዋሽንግተን ላይ ሰው ጭኖ ሎስ አንጀለስ ማውረድ አይችልም። ጓዳቸውን በሰፊው የከፈቱት የአውሮፓ ኅብረት አባል ሀገሮች ናቸው፤ ያውም እርስ በርሳቸው። ይህ ከ1997 ጀምሮ ስለተፈቀደ የአየርላንዱ ራያንኤር ጣልያን ውስጥ ከከተማ ከተማ እንደ ሀገሩ ይበራል። የኛ አየር መንገድ ግን እዚያ አይገባም።

ታዲያ ኢትዮጵያ «እኔ በራሴ ልክፈት» ብትልስ? ትችላለች። ችግሩ አየር ላይ ነገር የሚሄደው በሰጥቶ መቀበል ነው። በነፃ የሰጠሽውን መብት ነገ ጠረጴዛ ላይ አታቀርቢውም። ሁለት ሀገሮች ሲደራደሩ የሚፈራረሙት የሁለትዮሽ የአየር አገልግሎት ስምምነት ይባላል። ውስጡ ሲታይ ደረቅ ነገር ነው። የትኞቹ ከተሞች፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በየትኛው አየር መንገድ፣ ዋጋውን ማን ያጸድቃል፣ የሸጡበት ገንዘብ እንዴት ይወጣል። ከዚያ በየወቅቱ አየር መንገዱ ፕሮግራሙን ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ያስገባል። የበጋው ወቅት መጋቢት ውስጥ ይጀምርና ጥቅምት ውስጥ ለክረምቱ ይለቃል። እነሱ በጋ የሚሉት የኛን ክረምት እንደሆነ ልብ በዪልኝ።

ያቺ ፎርም ታስቀኛለች። ቀኖቹ በቁጥር ነው የሚጻፉት፤ 1 ሰኞ፣ 7 እሑድ። ሰዓቱ ደግሞ በግሪንዊች ነው። ጠዋት 4 ሰዓት የምትዪው በረራ በፈረንጅ ሰዓት 10 ነው፣ ፎርሙ ላይ ግን 7 ተብሎ ይሰፍራል። ገና በጀማሪነቴ አንድ ሙሉ ወቅት በ3 ሰዓት አዛብቼ ጽፌ አለቃዬ ምንም ሳይናገር የግድግዳውን ሰዓት ብቻ አሳየኝ።

ሰጥቶ መቀበሉ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ናይጄሪያ ጥሩ ማሳያ ናት። በ2021 መጨረሻ የናይጄሪያው አየር መንገድ ኤር ፒስ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ሻርጃ ላይ በሳምንት 3 በረራ ጠየቀ። የተሰጠው 1 ነው። ናይጄሪያም በሳምንት 21 ጊዜ ይመላለስ የነበረውን የዚያችኑ ሀገር አየር መንገድ ኤምሬትስን ወደ 1 አወረደችው። ኤምሬትስ በረራውን አቆመ። ብዙም ሳይቆይ ተስማሙና ተመለሰ። እልኸኝነት ይመስላል፤ ግን ደንቡ ይሄው ነው። ለኔ እንደሰጠኸኝ ለአንተም እሰጥሃለሁ።

ቅርባችንም አለ። ኤርትራና ኢትዮጵያ በ2018 ሐምሌ ከ20 ዓመት በኋላ የአዲስ አበባ–አስመራን በረራ ሲጀምሩ ሰው አውሮፕላን ውስጥ ሲጨፍር አይተናል። በ2024 የኤርትራ ሲቪል አቪዬሽን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እንዳይበር የሚል ማስታወቂያ አወጣ። አየር መንገዱ ቀኑን ሳይጠብቅ በመስከረም መጀመሪያ አቆመ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ እዚያ ያለው የባንክ ሒሳቡ መታገዱ ነበር። አውሮፕላን አለ፣ መንገደኛ አለ፣ አንድ ወረቀት ግን ሁሉንም ያቆማል።

አሁን ወደ ኮምቦልቻሽ ልመለስ። በሩ ቢከፈት እንኳ አንድ የባሕረ ሰላጤ አየር መንገድ ይመጣል ብለሽ ታስቢያለሽ? እኔ አላስብም። እነሱ ወደ አዲስ አበባ የሚያመጡት ረጅም መንገድ የሚሄድ ጀት ነው። አዲስ አበባ–ኮምቦልቻ ግን ብድግ ቁጭ የምትል መስመር ናት። እዚያ የሚያዋጣው ፕሮፔለር ያለው፣ የኛ አየር መንገድ የሚጠቀምበት ኪው 400 ዓይነት አውሮፕላን ነው። ከ70 በላይ ሰው ይይዛል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ አጭር ማኮብኮቢያ ላይ ይወርዳል። ለአንዲት መስመር ብሎ እንዲህ ያለ አውሮፕላን፣ ፓይለትና መካኒክ ይዞ ከዱባይ የሚመጣ የለም። ቢመጣም መቀሌና ባሕር ዳር ላይ ነው ዓይኑ የሚያርፈው። ጂንካንና ጎዴን የሚፈልጋቸው አይኖርም።

ስለዚህ ዋጋውን ያወርድልሽ የነበረው ሁለተኛ የሀገር ውስጥ አየር መንገድ ነው፤ የውጭው አይደለም። እዚህ ላይ ደግሞ የኛን ደንብ ሳልወቅስ አላልፍም።

የግሎቹ የትም አልሄዱም። አቢሲኒያን የበረራ አገልግሎት፣ ናሽናል ኤርዌይስ፣ ትራንስ ኔሽን ኤርዌይስ፤ እነዚህ ሁሉ የተመዘገቡና የሠሩ ስሞች ናቸው። ግን አብዛኛው ሥራቸው ቻርተር፣ ማለትም አውሮፕላኑን ለጠየቀ ሰው ማከራየት ነው። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ፣ ቱሪስት፣ ማዕድን ፈላጊ፣ በሽተኛ ያመላልሳሉ። አንቺ ኦንላይን ገብተሽ የነሱን የማክሰኞ ኮምቦልቻ ትኬት አትቆርጪም።

ለረጅም ጊዜ ያሰራቸው አንድ ቁጥር ነው፦ 50። የኢንቨስትመንት ደንቡ የግል ባለሀብት ከ50 መቀመጫ በላይ ባለው አውሮፕላን እንዳይሠራ ይል ነበር። ይህን ቁጥር ከኪው 400 ጎን አስቀምጪው። ሁለት ፓይለት ለ70 ሰውም ሁለት ናቸው፣ ለ50 ሰውም ሁለት ናቸው። የማረፊያ ክፍያው፣ የመካኒኩ ደመወዝ፣ የኢንሹራንሱ ወረቀት በመቀመጫ ቁጥር ልክ አይቀንስም። 50 መቀመጫ ያለው አውሮፕላን ይዞ 70 ከያዘው ጋር በዋጋ የሚፎካከር ሰው ገና ሳይነሳ ተሸንፏል። አንዳንዶቹ ደግሞ የነበራቸው ካራቫን የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ከደርዘን ሰው ብዙም አያልፍም። ባለሃያ መቀመጫ ሚኒባስ ይዘሽ ከባለስልሳው አውቶብስ ጋር መናኸሪያ ላይ ተሳፋሪ ተሻሚ እንደማለት ነው።

በ2020 የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ፣ በኛ 474/2012፣ ነገሩን አላላው። የሀገር ውስጥ አየር ትራንስፖርት ላይ የውጭ ባለሀብት ከኢትዮጵያዊ ጋር ሆኖ እስከ 49 በመቶ መያዝ ይችላል። ዓለም አቀፉን ግን ከመንግሥት ጋር በሽርክና ካልሆነ አይነካም። ለምን 49 ሆነ ብለሽ ብትጠይቂ፣ መልሱ ከስስት ያለፈ ነው። የሁለትዮሽ ስምምነቶች ውስጥ አንዲት አንቀጽ አለች። አየር መንገዱ፣ እሱን እንዲበር የሰየመው ሀገር ዜጎች ንብረት፣ በነሱም ቁጥጥር ስር ያለ መሆን አለበት ትላለች። ግማሹን ያለፈ ድርሻ ለውጭ ሰው ከሰጠሽ፣ ያኛው ሀገር «ይሄማ የናንተ አይደለም» ብሎ መብቱን ሊነሳሽ ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ ማላዊ ላይ 49 በመቶ፣ ዛምቢያ ላይ 45 በመቶ ይዞ የቆመው ለዚሁ ነው።

ወረቀቱ ላላ እንበል። አሁን አንቺ ገንዘብ አለሽና «ወሎ አየር መንገድ» ልትከፍቺ ነው። ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ያስፈልጉሻል። አንዱ የንግድ ፈቃዱ ነው፤ ካፒታልሽ፣ ባለቤትነትሽ፣ ዕቅድሽ ይታያል። ሌላው ኤኦሲ የሚሉት የበረራ ብቃት ሰርተፍኬት ነው። ይህኛው 5 ደረጃ አለው። መጀመሪያ ትነጋገሪያለሽ። ከዚያ ታመለክቻለሽ። ከዚያ መጻሕፍትሽ ይመረመራሉ። የበረራ መመሪያ፣ የጥገና መመሪያ፣ የሥልጠና መመሪያ፤ አንዱ ከአንዱ ይወፍራል። ከዚያ በተግባር ታሳያለሽ፤ መንገደኛ ሳትጭኚ ትበሪያለሽ፣ ሆስተሶችሽ በሩን ከፍተው ሰው በስንት ሰከንድ እንደሚያወጡ ይለካል። መጨረሻ ላይ ሰርተፍኬቱ። ይህን ሁሉ ስታደርጊ አውሮፕላንሽ ቆሞ ኪራይ በዶላር ይቆጥራል። አንዳንዱ ሰው እዚህ ላይ ነው ገንዘቡ የሚያልቀው። ግን ይህን ደረጃ ይቅለል የሚል ሰው ካገኘሽ አትስሚው። ይሄ የማይታለፍ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሰርተፍኬቱን ካገኘሽ በኋላ ያለው ነው። በ2017 የኤርፖርቶች ድርጅት ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር ተዋህዶ አንድ ግሩፕ ሆነ። ተርሚናሉ የግሩፑ ነው። መንገደኛ የሚመዘገብበት ጠረጴዛ፣ አውሮፕላን የሚቆምበት ቦታ የግሩፑ ነው። ቦሌ ላይ ሻንጣ የሚጭነው፣ ደረጃ የሚያስጠጋው፣ አውሮፕላን የሚገፋው ያው ግሩፕ ነው። ሉፍታንዛም ሆነ የቱርክ አየር መንገድ ሲያርፍ የሚያስተናግደው ተፎካካሪው ነው ማለት ነው። ለትልልቆቹ የውጭ አየር መንገዶች ይህ ብዙም አያሰጋቸውም፤ ስምምነት አላቸው፣ መንግሥት ከኋላቸው አለ። ካስቸገሩን ሀገራቸው ላይ ያስቸግሩናል። «ወሎ አየር መንገድ» ግን ከኋላው ማን አለው? ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደረጃው ዘግይቶ ቢመጣ፣ በረራው ቢዘገይ፣ መንገደኛው የሚረግመው ወሎን ነው።

ውህደቱን የሚደግፉት የሚሉት ነገር አላቸው፣ እውነትም አለው። ትርፉ ተመልሶ ተርሚናል ይሠራል። የውጭ ኩባንያ ኤርፖርቱን ይዞ ክፍያ አያንርም። ኪሳራ ያለበት ትንሽ ከተማ በሌላው ትርፍ ይደጎማል። አየር መንገዱ ከ20 በላይ የሀገር ውስጥ መዳረሻ የያዘው ሁሉም አትርፎት አይደለም። የኔ ቅሬታ ውህደቱ ላይ አይደለም። የሜዳው ባለቤት ራሱ የሚጫወት ከሆነ፣ ዳኛው ጥርስ ያለው መሆን አለበት ነው የምለው። የማረፊያና የአገልግሎት ክፍያ ለሁሉም እኩልና በአደባባይ የተለጠፈ ይሁን። ቅሬታ ሲቀርብ በቀናት ይወሰን። ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ በደኅንነት በኩል ጠንካራ ነው። በንግድ ውድድር በኩል ግን ድምፁ ሲሰማ ብዙም አላየሁም። ምክንያቱ የሕግ ክፍተት ሳይሆን የልምድ ማነስ ይመስለኛል፤ ዳኝቶት የሚያውቅ ሁለተኛ ተጫዋች አልነበረማ።

ይህን ነገር ከሌላው ወገን የማየት ዕድል አግኝተን ነበር። በ2022 ናይጄሪያ አዲስ ብሔራዊ አየር መንገድ አቋቁማለሁ ብላ የመረጠችው አጋር የኢትዮጵያን አየር መንገድ ነው፤ ድርሻው 49 በመቶ። የናይጄሪያ የግል አየር መንገዶች ተሰብስበው ሌጎስ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክርክራቸው ባጭሩ «የውጭ ግዙፍ ኩባንያ ጓዳችን ገብቶ ይበላናል» ነው። በ2023 ግንቦት የናይጄሪያን ቀለም የተቀባ አንድ የኛ አውሮፕላን አቡጃ ሄዶ ታየ፤ ተመልሶም መጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ አዲሱ የአቪዬሽን ሚኒስትር ሥራውን አገዱት። እዚህ ሀገር ብዙ ሰው በናይጄሪያዎቹ ተናዶ ነበር። እኔ ግን የክሱን ፍሬ ነገር ሳነብ የራሳችንን ቃል በሌላ ሰው አፍ የሰማሁ መሰለኝ።

«አፍሪካውያን ተስማምተው ሰማዩን ከፍተው የለም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። ከፍተዋል፣ በወረቀት። በ1999 በኮትዲቯሯ ያሙሱክሮ ከተማ ወሰኑ። በ2018 ጥር አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ 23 ሀገሮች ሆነው አንድ የአፍሪካ የአየር ትራንስፖርት ገበያ ብለው አስጀመሩ፤ ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ከዚያ አየር መንገዱ ወደ አንዱ ፈራሚ ሀገር «አምስተኛ መብት ስጡኝ» ብሎ ሲሄድ «ቆይ እስቲ እናያለን» ይባላል። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ደግሞ ሁሉም ባይለውም የሚፈሩት እኛን ነው። ትልቁ አየር መንገድ የኛ ስለሆነ ሰማዩ ሲከፈት ቀድሞ የሚገባው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ያም ቢሆን ያሙሱክሮ የሚያወራው በሀገሮች መካከል ስላለው በረራ ነው። ኮምቦልቻን አይነካም።

ስለ ትኬት ዋጋ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ ሪያድ ላለሽው ለአንቺ ይጠቅማል። የውጭ አየር መንገድ አዲስ አበባ ላይ ትኬት በብር ሲሸጥ ያንን ብር ዶላር አድርጎ ወደ ሀገሩ መላክ አለበት። ስምምነቱ ይህን ይፈቅዳል። ባንኩ ዶላር ከሌለው ግን ስምምነቱ ዶላር አይወልድም። በ2023 አጋማሽ ናይጄሪያ ውስጥ ብቻ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ የአየር መንገዶች ገንዘብ ተይዞ ነበር። ኤምሬትስ በዚሁ ሰበብ በ2022 ወጥቶ የተመለሰው በ2024 ጥቅምት ነው። እኛም ንጹሕ አይደለንም። አያታ የሚባለው የአየር መንገዶቹ ማኅበር በ2024 ባወጣው ዝርዝር ኢትዮጵያ ውስጥ የተያዘው 149 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ገንዘቡ የታገተበት አየር መንገድ ምን ያደርጋል? ርካሹን የትኬት መደብ እዚህ አይሸጥም። ያው ወንበር፣ ያው ቀን፣ ውጭ ሀገር ሲቆረጥ ረክሶ እዚህ ሲቆረጥ የሚወደደው አንዱ ምክንያት ይሄ ነበር። በ2024 ሐምሌ መጨረሻ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሌላ ነገር መጣ። የሀገር ውስጥ በረራ ወጪው በዶላር ነው፤ መለዋወጫው፣ ኪራዩ፣ ከጅቡቲ በቦቴ የሚመጣው ነዳጅ። ትኬቱ ግን በብር ይሸጣል። የኮምቦልቻ ትኬት የከበደሽ በፉክክር ማጣት ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

ደኅንነቱን ባጭሩ ልለፈው። አንቺን የሚያመጣሽ የሳዑዲ አውሮፕላን ሰርተፍኬቱን ያገኘው ከሀገሩ ነው። የኛ ባለሥልጣን እዚህ እንዲያርፍ የሚፈቅደው ያንን ሰርተፍኬት አይቶ ነው፤ ከፈለገም ቦሌ ላይ አውሮፕላኑ እንደቆመ ወጥቶ ይፈትሸዋል። ሌሎችም እኛን እንዲሁ ያደርጉናል። አውሮፓ ከ2006 ጀምሮ የከለከላቸውን አየር መንገዶች በመዝገብ ታወጣለች። የሱዳን አየር መንገዶች በሙሉ እዚያ ላይ ሰፍረዋል፤ ምክንያቱ የአንድ አውሮፕላን ብልሽት ሳይሆን የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ድክመት ነው። ተቆጣጣሪ ሲሰንፍ ጎበዙም አየር መንገድ አብሮ ይቀጣል።

ሻንጣሽ። እዚህ ላይ ጥሩ ዜና አለኝ። ኢትዮጵያም ሳዑዲም የሞንትሪያል ስምምነት አባል ናቸው። ስለዚህ አየር መንገዱ የማንም ይሁን ሕጉ አንድ ነው። ሻንጣሽ ተጎድቶ ከመጣ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለብሽ። ዘግይቶ ከመጣ፣ እጅሽ ከገባበት ቀን አንሥቶ 21 ቀን አለሽ። ከ21 ቀን በላይ ካልመጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። ካሳው ጣሪያ አለው። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ 1,519 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም ገንዘብ ድርጅት መቁጠሪያ ነው፣ በዶላር ሲመነዘር ወደ 2 ሺህ ገደማ ይሆናል። ጣሪያው ነው እንጂ ለሁሉም የሚታደል አይደለም፤ የጠፋብሽን ማስረዳት አለብሽ። መክሰስ ከፈለግሽ ደግሞ 2 ዓመት ነው ያለሽ። መዳረሻሽ አዲስ አበባ ከሆነ እዚሁ መክሰስ ትችያለሽ፤ ሪያድ ወይም ዱባይ መሄድ አይጠበቅብሽም።

አቤቱታው መጀመሪያ ለአየር መንገዱ ነው። እሱ ዝም ካለሽ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ። እዚያ በቃል ሄዶ መቆጣት አይሠራም።

አንድ ስህተት ብቻ እንዳትሠሪ፤ እኔ፣ ሥራዬ ሆኖ እንኳ፣ ሠርቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ከባሕረ ሰላጤ ስመጣ ሻንጣዬ ቀረ። ሌሊት 9 ሰዓት ነው፣ ደክሞኛል። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ልጅ «ነገ ይመጣል፣ ስልክህን ተውልኝ» አለችኝ። ስልኬን ትቼ ሄድኩ። ነገ አልመጣም፣ በሳምንቱም አልመጣም። ስሄድ «የጉድለት ሪፖርትህ የታል?» አሉኝ። የለኝም። ሻንጣዬ እንደቀረ የሚያሳይ አንዲት ወረቀት አልያዝኩም። መጨረሻ ላይ ሻንጣው ራሱ በሌላ በረራ መጣ እንጂ ካሳ የሚባል ነገር አይታሰብም ነበር። ስለዚህ ሻንጣው ካልወጣ ከአዳራሹ ሳትወጪ ያንን ሪፖርት አስሞዪ፣ ቁጥሩ እንዳለበት እዪ፣ ፎቶ አንሺው። ከትኬትሽ ጋር የተለጠፈችውን ትንሿን የሻንጣ ቁራጭም እንዳትጥያት። ቀጣዩ በረራሽ ወደ ኮምቦልቻ በሌላ ትኬት ከሆነ ደግሞ ለሪፖርቱ ጊዜ እንዲኖርሽ በመካከሉ ሰፋ ያለ ሰዓት ተዪ።